የቢሮ ሠራተኛውን ሕመም ቀድመው ያዩት ሐኪም

ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ውለው ቤትዎ ሲገቡ ትከሻዎ ይዝላል? ወገብዎንስ ያምዎታል? የእጅ አንጓዎስ ይደነዝዛል? ሕመሙ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ከመሰለዎ የጣሊያናዊውን ሐኪም የበርናርዲኖ ራማዚኒን ታሪክ ይመልከቱ።

ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1633 ካርፒ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በፓርማ ሕክምና ተምረው በሞዴና መምህር ሆኑ። አንድ ቀን ቤታቸው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሰው ሲቻኮል አይተው ምክንያቱን ጠየቁት። ሰውየውም ጉድጓዱ ውስጥ የሚቆይ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ራማዚኒ የሠራተኞችን ሕመም ከየሥራ ቦታቸው እየሄዱ አጠኑ፤ በ1700ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

በ1713 የወጣው ሁለተኛ እትም ስለ ጸሐፊዎችም ያትታል። ራማዚኒ ለሕመማቸው 3 ምክንያቶችን ለይተዋል። አንደኛው ሳይነሡ መቀመጥ፣ ሁለተኛው እጅን ሳያሳርፉ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ማሠራት፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዳልሳሳት በሚል ሐሳብ የሚመጣ ጭንቀት ነው። አንድ የሚያውቁት የውል ጸሐፊ በመጀመሪያ ቀኝ ክንዱ ዛለበት፤ ቸል ብሎ መጻፉን በመቀጠሉ እጁ ሽባ ሆነ። በግራው መጻፍ ቢማርም ብዙም ሳይቆይ ያም እጅ በዚያው ሕመም ተያዘ። ራማዚኒ በ1714 በፓዱዋ አረፉ።

ሦስቱ ምክንያቶች ዛሬም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉ። የበጀት መዝጊያ ሪፖርት ሲጣደፍ፣ ደብዳቤ ሲከማች፣ ባለጉዳይ በር ላይ ሲጠብቅ ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ ይውላል። ስለዚህ፦

• ቢያንስ በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፤
• የኮምፒውተሩን ስክሪን የላይኛ ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ያድርጉ፤
• እግርዎ ወለሉን ይርገጥ፣ ወገብዎ መደገፊያውን ይንካ፤
• ሲተይቡ አንጓዎን አያጥፉ፣ ትከሻዎን አያንሡ፤
• ሥራውን ያፈራርቁ፤ ጥቂት ከተየቡ በኋላ ፋይል ያስተካክሉ ወይም በእግር የሚሄዱበትን ጉዳይ ይፈጽሙ።

የሥራ ኃላፊዎችም የተሰበረ ወንበር ማስጠገንንና የሥራ ጫናን ማከፋፈልን እንደ ቅንጦት አይቁጠሩት። መደንዘዙ ከቀጠለ፣ እጅዎ ዕቃ መያዝ ካቃተው ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ራማዚኒ ሐኪሞች በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቁ አስተምረዋል። ካልተጠየቁ ግን እርስዎ ቀድመው ይንገሩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡና እጅዎ ምን ሲሠራ እንደሚውል ማወቁ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።