ሆኩሳይ፦ የስሞቹ ታሪክና የእንጨት ሰሌዳ ኅትመቶቹ ምዘና

ካትሱሺካ ሆኩሳይ የዛሬዋ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1760 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ተወለደ፤ በ1849 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። በሕይወቱ ከ30 በላይ የሥዕል ስሞችን እያፈራረቀ ተጠቅሟል። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ብዙዎች ይህን የጠባይ እንግዳነት አድርገው ያልፉታል። የኅትመቶቹን ዘመንና እውነተኛነት ለሚመረምር አጥኚ ግን ከሕይወቱ ገጽታዎች የዚህን ያህል የሚጠቅም የለም።

ሆኩሳይ ሥዕል ከመማሩ በፊት፣ በ14 ዓመቱ ገደማ፣ የኅትመት ሰሌዳ ከሚቀርጹ ባለሙያዎች ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተለማመደ። ወደ ካትሱካዋ ሹንሾ የሥዕል ቤት የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1778 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። የቀራጭነት ልምዱ ኋላ ላይ ያሳየውን ጥንቃቄ ያስረዳል። በዘመኑ አሠራር ሠዓሊው ሥዕሉን በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ በፊቱ ለጥፎ መስመሩን ተከትሎ ይቀርጻል፤ ንድፉም በዚሁ ይጠፋል። አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ሰሌዳ እየተጠቀመ ወረቀቱን ከጀርባው በእጅ እያሸ ያትማል። ወጪውን የሚችለው አሳታሚው ነው። እንግዲህ የሆኩሳይ የሚባለው ኅትመት የራሱ የሆኩሳይ እጅ ያላረፈበት ወረቀት ነው። በ1830ዎቹ ለአሳታሚዎቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ኤጋዋ ቶሜኪቺ የተባለው ቀራጭ እንዲሠራለት ጠይቋል፤ ሌሎች ቀራጮች የሰዎቹን አፍንጫ በኡታጋዋ ቤት ፈሊጥ እየለወጡበት መሆኑንም አማርሯል።

ስሞቹን በተመለከተ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ሆኩሳይ የተወውን ስም ለደቀ መዛሙርቱ ያስተላልፍ ነበር። ሶሪ የሚለውን ስም በ1798 እ.ኤ.አ.፣ ታይቶ የሚለውን ደግሞ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ለተማሪዎቹ ሰጥቷል። በዳግማዊ ታይቶ የተሣሉ ኅትመቶች የመምህሩ ተደርገው የተቆጠሩበት ጊዜ በርካታ ነው። ስለሆነም ፊርማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፊርማው፣ የአሣሣሉ ፈሊጥና የወረቀቱ ዕድሜ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው።

ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትሱ በሚል ስም መፈረም ያዘ። ስሙ እንደገና አንድ ዓመት መሆንን ያመለክታል፤ 60 ዓመት የሚፈጀው የዘመን ዑደት በሕይወቱ ተፈጽሞ ነበርና። አዲሱ ልደት ግን የተደላደለ አልነበረም። ሚስቱ በ1828 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ የልጅ ልጁ የቁማር ዕዳም በእርሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። «ሠላሳ ስድስቱ የፉጂ ተራራ ገጽታዎች» የተሠሩት በዚህ ችግር ማግስት፣ ዕድሜው 70 በሆነበት ወቅት ነው። አሳታሚው ኒሺሙራያ ዮሃቺ ተፈላጊነታቸውን አይቶ 10 አስጨመረ፤ ድምሩ 46 ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ 36 ላይ ዋናው መስመር በሰማያዊ የታተመ ሲሆን፣ የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው በዚያን ጊዜ ከውጭ የገባ ቀለም በስፋት ውሏል። የተጨመሩት 10 ግን መስመራቸው ጥቁር ነው።

ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው «ታላቁ ማዕበል» ነው። ፊርማው ሠዓሊው ቀድሞ ሆኩሳይ ይባል እንደነበርና ስሙን ወደ ኢትሱ እንደለወጠ ይገልጻል። ይህ ፊርማ በኋላ ዘመን በተቀረጹ ምስሎች ላይም አብሮ ስለተቀረጸ፣ ከሐሰት አይለይም። የሚለየው የሰሌዳው መጎዳት ነው። ርዕሱን የከበበው ሳጥን መስመሮች በቀደሙት ቅጂዎች ሙሉ ናቸው፤ ሰሌዳው ሲያረጅ ይቆራረጣሉ። አዲስ ሰሌዳ የቀረጸ ሰው የመስመሩን አካሄድ ቢከተልም፣ ስብራቱን በየቦታውና በየቅደም ተከተሉ ለመድገም ይቸገራል። በሰማዩ ላይ የነበረው ፈዛዛ ሮዝ ደመናም በብርሃን ጠፍቶ በአብዛኞቹ ቅጂዎች ላይ አይታይም። ባዶ ሰማይ ያለውን ቅጂ በዚህ ብቻ የዘገየ ኅትመት ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የደበዘዘ ቀለምና ያረጀ ሰሌዳ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

በ1834 እ.ኤ.አ. ኢትሱ የሚለውን ስም ትቶ ማንጂ ተባለ። በ1839 እ.ኤ.አ. ቤቱ ሲቃጠል በርካታ ንድፎቹ አብረው ነደዱ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አብራው የኖረችው ልጁ ኦዪ ራሷ የተዋጣላት ሠዓሊ ነበረች። በእርሱ ስም ከተፈረሙት የእርጅና ዘመን ሥዕሎች መካከል በየትኞቹ ላይ የእርሷ እጅ እንዳለ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ።