ያልተመረጠው ሕግ አውጪ፦ ሃዋርድ ጃርቪስና የካሊፎርኒያ የንብረት ግብር ገደብ

በካሊፎርኒያ የግብር ታሪክ ሃዋርድ ጃርቪስ የያዘው ስፍራ ለየት ያለ ነው። ለአሜሪካ ሴኔትም ሆነ ለሎስ አንጀለስ ከንቲባነት ተወዳድሮ አልተሳካለትም። ይሁን እንጂ በግዛቲቱ ምክር ቤት አንድም ቀን ሳይቀመጥ የምክር ቤቱን ግብር የመጣል ሥልጣን ገደበ።

ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1903 በዩታ ግዛት መርከር በተባለች የማዕድን ከተማ ተወለደ። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በትንንሽ ከተሞች የሚታተሙ ጋዜጦች ባለቤት ሆነ፤ በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥም ተሳተፈ። በ1930ዎቹ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በንግድ ሥራ ተሰማራ። በ1962 ለሴኔት የፓርቲውን ዕጩነት ለማግኘት ተወዳድሮ በቶማስ ኩክል ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የቀረ ዕድሜውን በአመዛኙ የንብረት ግብርን ለመታገል አዋለው። የጀመራቸው የፊርማ ማሰባሰብ ሙከራዎች በተደጋጋሚ ከሸፉ። በዚህ ጊዜ በሎስ አንጀለስ የአከራዮች ማኅበር ውስጥ በኃላፊነት ይሠራ ነበር፤ የዘመቻውን ውጤት ለመመዘን ይህን ማስታወስ ይገባል።

ዘመቻው የአንድ ቁጡ አዛውንት ጩኸት ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል የንብረት ገማቾች የመኖሪያ ቤቶችን ግምት ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የገማቾች ሙስና ከተጋለጠ በኋላ በ1966 የወጣው ሕግ ግምቱ የገበያ ዋጋን በወጥነት እንዲከተል አስገደደ። ሕጉ ሙስናን ለማስወገድ ቢወጣም ለባለቤቶች ሳይታወቅ ይደረግላቸው የነበረውን ከለላ አነሣባቸው። በ1970ዎቹ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ፤ ገቢው ያልጨመረ ጡረተኛ ላልሸጠው ቤት ዋጋ መጨመር ይከፍል ጀመር። በአንጻሩ በግዛቲቱ ካዝና በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ትርፍ ተከማችቶ ሳለ ሕግ አውጪዎች በወቅቱ መፍትሔ ማበጀት ተሳናቸው።

ጃርቪስ ከፖል ጋን ጋር ሆኖ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በሎስ አንጀለስ አዲሱ የቤት ግምት ይፋ መሆኑ ቁጣውን አባባሰው። ሰኔ 6 ቀን 1978 (እ.ኤ.አ.) 13ኛው የውሳኔ ሐሳብ በ65 በመቶ ገደማ ድምፅ ጸደቀ። በዚህ መሠረት ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ወደ 1975 ተመልሶ ንብረቱ እስኪሸጥ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተደነገገ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ግብር ለመጨመር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልገውም ተወሰነ።

የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ። ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ግዛቲቱ ከትርፏ እየቀነሰች ባትደጉም ኖሮ ጉዳቱ የከፋ በሆነ ነበር። መንግሥትን ማሳነስ የፈለገው ጃርቪስ ሳያስበው ማዘጋጃ ቤቶችን የሳክራሜንቶ ጥገኛ አደረጋቸው። ኪራይ ይቀንሳል የተባሉት ተከራዮችም ብዙዎቹ ተስፋው ሳይፈጸምላቸው ቀረ፤ ቅሬታቸው ሎስ አንጀለስና ሳንታ ሞኒካ የኪራይ ቁጥጥር እንዲያውጁ ገፋፋ። የአከራዮቹ ባልደረባ ድል አከራዮች የሚፈሩትን ሕግ ወለደ።

በ1980 የገቢ ግብርን በግማሽ ለመቀነስ ያቀረበው ሐሳብ በመራጩ ውድቅ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ግን የራሷን የንብረት ግብር ገደብ አጸደቀች። ጃርቪስ ነሐሴ 1986 (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዲስ ገዢ ከነባር ጎረቤቱ ብዙ እጥፍ ግብር የሚከፍልበትን ሥርዓት ሕገ መንግሥታዊ ነው ሲል አጸናው።