ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ እውነትን የፈለጉ መነኩሴ

ሰው አንድን ዓላማ ከግብ ለማድረስ ሲነሣ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ በምንም ዋጋ የማይለውጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዕውቀትና ሀብት፣ ብርቱ ወዳጅም ቢኖረው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወዛወዛል። ይህን ያወቀ ግን በራሱ ላይ ያለው መተማመን ከሰው አድናቆት የተበደረ ስላልሆነ፣ አድናቆቱ ሲቀር ጽናቱ አብሮ አይቀርም። ወጣቶቻችን በራስ መተማመን የሚለውን ቃል አዘውትረው በሚሰሙበት ጊዜ፣ የመተማመን ሥሩ ከየት እንደሚበቅል ከአንድ ያገራችን ሰው ሕይወት መመልከቱ ይጠቅማል። ይህ ሰው በጎጃም ተወልደው፣ በጎንደር ተምረውና ታስረው፣ በወሎ ምድር ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ

አባ ገብረ ሚካኤል የኖሩበት ዘመን ዘመነ መሳፍንት ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ብቻ ተቀምጠው ሥልጣኑ በየጁ መሳፍንት እጅ ነበር። እነዚህ መሳፍንት መቀመጫቸውን ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በደብረ ታቦር አድርገው ነበር፤ ከ1831 ጀምሮም በዚያ ሆነው አገሩን ያስተዳደሩት ራስ ዓሊ ናቸው። በሰሜንና በትግራይ ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ይገዙ ነበር። መሳፍንቱ በሥልጣን እንደ ተከፋፈሉ ሁሉ ሊቃውንቱም በትምህርት ተከፋፍለው ነበር። ስለ ክርስቶስ ምሥጢር የቅብዓት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ወገኖች ይከራከሩ ነበር፤ መሳፍንቱም በየፊናቸው አንዱን ወገን ይደግፉ ነበርና ክርክሩ ከጉባኤ አልፎ ወደ ጦር ሜዳ ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ብዙ ሰው የሚያምነውን የሚመርጠው የጌታውን ፊት አይቶ ነበር።

ልጅነትና ትምህርት

ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለ ቦታ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ይሁን እንጂ በቀረችው ዓይን መጽሐፍ ከመመርመር የሚያግዳቸው አልተገኘም። በትምህርት ብርቱ ስለ ነበሩ ንግሥት እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በታወቀው በመርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ።

በገዳሙ ሳሉ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። የምንኩስና ሕይወት በአባቶች ዘመን እንዲያ ያበራ ነበር ይባላል፤ በእርሳቸው ዘመን ግን ስለ ምን ደከመ? ሌላው ሰው ይህን ጥያቄ በሐዘን ተናግሮ ይተወዋል። እርሳቸው ግን መልሱ በመጻሕፍት ውስጥ ይገኛል ብለው አመኑ፤ ስለዚህ የመነኮሳትን ሥርዓት የያዙ መጻሕፍትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ተጓዙ። በዚህ ምክንያት ወደ ጎንደር መጡ፤ በዚያም ተማሩ፣ ቆይተውም አስተማሩ። ተማሪዎች ይከተሏቸው ጀመር፤ በነገሥታቱም ቤት ስማቸው ተሰማ። በዚያ ዘመን አንድ ሊቅ ከዚህ በላይ የሚመኘው ብዙ አልነበረም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። የአባ ገብረ ሚካኤል ዓላማ የመነኮሳትን ሕይወት ማደስ ነበር። ከዓላማው በታች ግን ዓላማውን የተሸከመ ሌላ ነገር ነበረ፤ እርሱም እውነትን ከሁሉ ማስቀደም ነው። ክብርን ቢያስቀድሙ ኖሮ ፍለጋቸው በጎንደር ባበቃ ነበር።

ከአገር ወጥተው

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚያመጡ ልዑካንን ወደ ግብፅ ላኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዓድዋ ደርሰው የነበሩትንና ሕዝቡ ኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸውን ጣሊያናዊውን የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን ከልዑካኑ ጋር እንዲጓዙ ለመኗቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም ከልዑካኑ አንዱ ሆኑ። ኢየሩሳሌምን ለማየትና በሌላ አገር ያሉትን መጻሕፍት ለመመርመር ሲመኙ ኖረዋልና ይህ ጉዞ ለእርሳቸው ታላቅ ዕድል ነበር።

በካይሮ ፓትርያርኩ ገና ወጣት የነበረውን እንድርያስን አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙላቸው። ጳጳሱ ወደ ኢትዮጵያ ሲያመሩ የተወሰኑት ልዑካን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ባሕር ተሻግረው ሮም ደረሱ፤ በነሐሴ 1841ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያ ረጅም መንገድ አባ ገብረ ሚካኤል አቡነ ያዕቆብን በቅርብ ተመለከቱ፤ የሚያስተምሩትን ብቻ ሳይሆን አኗኗራቸውን፣ ጸሎታቸውንና ትሕትናቸውን አዩ። ለአንድ ተመራማሪ ይህም እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነበር።

በዚሁ ጊዜ በአገር ቤት የሆነው ነገር የዘመኑን ጠባይ በግልጽ ያሳያል። በ1842 መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤ አዲሱን ጳጳስ ይዘው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱና በደብረ ታቦር ተዋጉ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድላቸው ደስ ብሏቸው ግብዣ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገን የሆነ ሌላ ጦር ድንገት ደርሶ ማረካቸው፤ አቡነ ሰላማም አብረው ተያዙ። በጥዋት አሸናፊ የነበረው በዚያው ዕለት ምርኮኛ ሆነ። መተማመኑን በጦር ኃይል ላይ ላኖረ ሰው የደብረ ታቦር ሜዳ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር።

የታሰበበት ውሳኔ

አባ ገብረ ሚካኤል ከሮም ሲመለሱ ፈጥነው አልወሰኑም። ያዩትን ካነበቡት ጋር እያመዛዘኑ፣ እየጠየቁና እየተከራከሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቆዩ። በመጨረሻም በ1844 በአቡነ ያዕቆብ እጅ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። የለመደውን ወንበር፣ ያፈራውን ስምና ያሳደጉትን ሊቃውንት ወዳጅነት በዚያ ዕድሜ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ በአዲግራት አጠገብ በጓላ በተቋቋመው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ያገራቸውን ወጣቶች አስተማሩ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነውም ለሕዝቡ የሚሆን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀት ደከሙ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምጽዋ የጵጵስና ማዕረግ ተቀብለው ነበርና፣ በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ገደማ ነበር። ዛሬ ልጆችንና ንኡሰ ክርስቲያኖችን የምታስተምሩ መምህራን፣ በአማርኛ የማስተማር ሥራችሁ ከእነዚህ ሁለት አባቶች ድካም ጋር የተያያዘ መሆኑን አትርሱ።

እስራትና ሞት

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉና የየጁ መሳፍንት ኃይል ተሰበረ። ካሣ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ የተነሡ ሰው ነበሩ፤ አንድ መንግሥት ለማቆምም የአንድ ሃይማኖትን ድጋፍ ፈለጉ። ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ ከስምምነቱም አንዱ ካቶሊካውያንን ማስወጣት ነበር። በ1854 ክረምት አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ተይዘው ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ያገር ተወላጅ የነበሩት ግን በእስር ቀሩ።

አባ ገብረ ሚካኤል እግሮቻቸው በግንድ ተጠርቀው ለወራት ተቀመጡ። እምነታቸውን እንዲክዱ ተደጋግመው ተጠየቁ፤ ቢክዱ ነፃ እንደሚወጡ ያውቁ ነበር። ተገረፉ፤ ተራቡ፤ ሆኖም የተናገሩትን አልለወጡም። ከመከራው ብዛት ሞቱ ሲባሉ ተመልሰው ስለሚነሡ ጠባቂዎቹ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠሯቸው ጀመር። አብረዋቸው ከታሰሩት አንዱ የነበሩት አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ ከሞት ተርፈው የአቡነ ያዕቆብን ታሪክ ለትውልድ ጽፈዋል።

በ1855 ካሣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በግንቦት ወር በዚያው ዓመት አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሡ ሰፈር ለፍርድ ቀረቡ፤ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንም በዚያ ነበረ። የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ቆንስሉና አንዳንድ መኳንንት ስለ ለመኑላቸው ግን ቅጣቱ በሰንሰለት ታስሮ መኖር ሆነ። ስልሳ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸው አንድ ዓይና ሽማግሌ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ንጉሡ በዘመቱበት ሁሉ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ይከተሉ ጀመር። ጦሩ ወደ ወሎ ሲዘምት እርሳቸውም ሄዱ። በሰፈሩ የኮሌራ በሽታ ገባ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የደከመው ሰውነታቸው ከዚህ በላይ አልቻለምና በዚያው በ1855 ክረምት በወሎ ምድር በመንገድ ዳር አረፉ። የቀበሯቸው እነዚያው ወታደሮች ናቸው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው። መምህራቸው አቡነ ያዕቆብም በ1860 ካረፉ በኋላ፣ በ1975 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተብለዋል።

የሌሎቹንም ፍጻሜ ማስታወስ ይገባል፤ ይህም ለመፍረድ ሳይሆን ለማስተዋል ነው። አቡነ ሰላማ ኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በመቅደላ ታሰሩና በ1867 በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ዐፄ ቴዎድሮስም ለረጅም ጊዜ የተቀመጡባትን ደብረ ታቦርን በዚያው ዓመት አቃጥለው ወደ መቅደላ ወጡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በዚያ ሕይወታቸው አለፈ። የሊቃውንቱ ክርክር ግን በጊዜ ብዛት ለዝቧል። በ1973 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በክርስቶስ ላይ ያላቸውን እምነት በጋራ መስክረዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ የምናነበው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አባ ገብረ ሚካኤል የጸኑበት ነገር ሳይመረመር የተያዘ አልነበረም። ግትር ሰውና ጽኑ ሰው ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። ግትሩ ጥያቄ ይፈራል፤ ጽኑው ግን ጥያቄውን ሁሉ አስቀድሞ ለራሱ አቅርቦ ስለ ጨረሰ አይፈራም። በእስር ቤት የታየው እርጋታ በጓላና በካይሮ፣ በጎንደርና በመርጡለ ማርያም በተደረገው ምርመራ የተገዛ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዓላማቸው እንዳሰቡት አልተፈጸመም። የአገሩን ገዳማት በሙሉ ለማደስ ተነሥተው በሰንሰለት ታስረው አረፉ። በሰው ዓይን ይህ ውድቀት ነው። ነገር ግን ዓላማ መልኩን ሊለውጥ ይችላል፤ ዓላማውን የተሸከመው እሴት ግን እንደ ጸና ከቆየ ሰውየው መንገዱን አልሳተም። የመነኮሳትን ሥርዓት በመጻሕፍት ሲፈልጉ የኖሩት አባት፣ መነኩሴ ምን መሆን እንደሚገባው በገዛ ሰውነታቸው አሳዩ።

ሦስተኛ፣ ጽናታቸው ጥላቻ አልወለደም። ባገራቸው፣ በንጉሣቸውም ሆነ በሚጠብቋቸው ወታደሮች ላይ ቂም አልያዙም። ሌላውን ሳይጠሉ የራስን መያዝ የመተማመን ከፍተኛው ደረጃ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ሲወያዩ እነዚህን ጥያቄዎች ቢያነሡ ይጠቅማል፦

1. በምንም ዋጋ የማልለውጠው ነገር ምንድን ነው? የያዝሁት መርምሬ ነው ወይስ ሌሎች ስለያዙት ብቻ ነው?
2. በትምህርት፣ በሥራ ወይም በትዳር ያሰብሁት ቢከሽፍ ከእኔ ጋር የሚቀረው ምንድን ነው?
3. በእምነት ወይም በሐሳብ ከእኔ የሚለየውን ጎረቤቴን ሳልንቅ የእኔን መመስከር እችላለሁን?

እነዚህን ጥያቄዎች በቅንነት የመለሰ ወጣት ፈተና በሚመጣበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ከወዲሁ ያውቃል። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት የምንፈልገውን እንድናውቅ፣ ያወቅነውንም እንድንኖረው ያግዘን።