አሚር ኑርና የሐረር ግንብ

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ሰው ኮንሶ ሲደርስ በድንጋይ ካብ የተከበቡ ጥንታዊ መንደሮችን ያገኛል። እነዚያን ካቦች ሕዝቡ ተባብሮ ስለ ሠራቸው የአንድ ሰው ስም አልተጻፈባቸውም። በአገራችን ምሥራቅ ያለው የሐረር ግንብ ጀጎል ግን ሲነሣ የአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም አብሮ ይነሣል።

አሚር ኑር የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የእኅት ልጅ ነበሩ። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸውን ድል ወንበራን አገቡ፤ በ1544 ዓ.ም. ገደማም የሐረር ገዥ ሆኑ። የአጎታቸውን ደም ለመመለስ ጦር አዘጋጅተው ዘመቱ። በመጋቢት ወር 1551 ዓ.ም. ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ገጠሙ፤ ንጉሡም ሲዋጉ ወደቁ።

ይህ ድል ግን ለሐረር ዕረፍት አላመጣላትም። ሠራዊቱ ወደ አገሩ ሲመለስ በሐዘሎ ከኦሮሞ ጦር ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው አለቀበት። ከተማይቱ ጠባቂ አጣች። አሚሩም ከዚያ ወዲህ ያለቻቸውን ከተማ ማዳን ግድ ሆነባቸው፤ በድንጋይና በጭቃ ዙሪያዋን በግንብ አጠሩ። ግንቡ ቁመቱ አራት ሜትር፣ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አምስት በሮችም ነበሩት፤ እነርሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር።

ግንቡ ጦረኛን ቢመልስም ረሃብንና በሽታን ሊመልስ አልቻለም። እህልና ጨው እጅግ ተወደደ፤ ወረርሽኝም ገባ። አሚር ኑርም በ1560 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። መቃብራቸው እስከ ዛሬ በግንቡ ውስጥ ይገኛል።

ሐረር በዚያ ግንብ ውስጥ ቋንቋዋን፣ የእጅ ሥራዋንና ትምህርቷን ጠብቃ ኖረች። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ የኮንሶም መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. ተከተለው።

ውድ አንባቢ ሆይ! አሚር ኑርና ዐፄ ገላውዴዎስ ጠላቶች ነበሩ፤ እኛ ግን ዛሬ የሁለቱንም ታሪክ የራሳችን ብለን በአንድ ክፍል ተቀምጠን እንማራለን። የአሚሩ ድል በአንድ ቀን አልፏል፤ ለሕዝባቸው መጠጊያ ብለው ያቆሙት ግንብ ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። እኛም ሰውን የሚያስጠልል ሥራ ለመሥራት እንትጋ።