በጆሮው የተማረው ጣሃ ሁሴን

ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን የሚሰናበተው ዓባይ፣ ሱዳንን አቋርጦ ከሚደርስባቸው የላይኛው ግብፅ አገሮች አንዱ ሚንያ ነው። የዓረብ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ሊቅ ጣሃ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለደው በዚሁ አውራጃ፣ በማጋጋ ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ነው። ስለ ወንዙ ከግብፅ ጋር ያለን ክርክር የቆየ ቢሆንም የዚህን ሰው ታሪክ ከማንበብ ሊያግደን አይገባም። በፔዳ ግቢ መጽሐፍ የሚያነብለት ጓደኛ የሚጠብቅ ዓይነ ስውር ተማሪ ያለበትን ችግር፣ እርሱ ከመቶ ዓመት በፊት ኖሮበታልና።

ሕፃን ሳለ ዓይኑን ታመመ፤ ያከመው የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ነበርና ብርሃኑን አጣ። ከቤታቸው አጠገብ የሚያልፈው የመስኖ ቦይ የዓለም ዳርቻ ይመስለው ነበር። ቁርዓንን ገና በልጅነቱ በቃሉ አጠና። የጎጃምን የቅኔ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእኛም ዘንድ ዓይነ ስውራን ከመምህሩ አፍ እየሰሙ ተምረው ራሳቸውም ለመምህርነት በቅተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ካይሮ ሄዶ አል አዝሃር ገባ። ትምህርቱ በቃል ቢሆንም ወደ ጉባኤው የሚመራው ሰው ያስፈልገው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ይመራዋል፤ ከዚያም በማደሪያ ክፍላቸው ጥግ አስቀምጦት ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል፤ ልጁም ረጅም ሰዓት ብቻውን ይቆዝማል። ይህ ኑሮ የተለወጠው የአክስቱ ልጅ ለትምህርት ካይሮ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ወደደው ትምህርት የሚያደርሰው ሰው አገኘ። የአእምሮው ስለት ያው የቀድሞው ነበር፤ የተጨመረለት እጁን የሚይዝ ባልንጀራ ብቻ ነው። እኔ ከሕይወቱ ሁሉ አብልጬ ለሙያ ባልደረቦቼ የማነሣው ይህን ነው።

የግብፅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ተመዘገበ፤ በ1914ም እንደ እርሱ ዓይነ ስውር ስለ ነበረው ባለቅኔ ስለ አቡል ዓላእ አል መዓሪ ጽፎ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዶክትሬት ተቀበለ። ወደ ፈረንሳይ ለመላክ ያቀረበው ማመልከቻ በመጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም፤ ደጋግሞ ካመለከተ በኋላ በዚያው ዓመት ሞንፔሊየ ደረሰ። በዚያም ብሬል ተማረ፤ ነገር ግን ዕውቀትን በጆሮው መቀበል የለመደ ሰው ነበርና በጣት ማንበብ አዘገየው። የብሬል መጽሐፍ ገዝተን በመደርደራችን ብቻ ሥራችንን የጨረስን ለሚመስለን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚበጀውን ተማሪው ራሱ ቢጠየቅ ይናገራል።

ለጣሃ ሁሴን የበጀው ሱዛን ብሬሶ የተባለች ወጣት ድምፅ ነው። መጻሕፍቱን እያነበበችለት በሶርቦን ተማረ፤ በ1917 ተጋቡ፤ በ1918ም ስለ ኢብን ኻልዱን በጻፈው ድርሰት ሁለተኛ ዶክትሬቱን አገኘ።

በ1919 አገሩ ገብቶ መምህር ሆነ። በ1926 ስለ ጥንታዊው የዓረብ ግጥም ያሳተመው መጽሐፍ ታላቅ ቁጣ አስነሣበት፤ በ1932 መንግሥት ከዲንነቱ ሻረው። ሆኖም በ1942 የእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ በ1950 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አደረገ።

እርሱ መሪና አንባቢ ያገኘው ከወንድም፣ ከአክስት ልጅና ከሚስት ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለውስ? በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650፣ ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ እንዲሰጡና የፈተና ጊዜ እንዲያራዝሙ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1152 ቢተካም በየትምህርት ክፍሉ የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው፤ አንባቢውን የሚመድበው ማን ነው? ስለ ተጨማሪው ሰዓትስ ለፈታኙ አስቀድሞ የሚነግረው ማን ነው?

ጣሃ ሁሴን የልጅነት ታሪኩን የጻፈበትን አል አያም የተባለውን መጽሐፉን በቃሉ እየተናገረ በሌላ ሰው እጅ አስጻፈ። ያረፈው ጥቅምት 18 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ለፔዳ ስሙን ያወረሰው የፔዳጎጂ አካዳሚ በባሕር ዳር ከተቋቋመ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነበር።