ዳግማዊ ምኒልክና የመልእክት መንገድ

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና ልጅ የነበሩት ወራሽ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ፤ ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን አልጋ የያዙትም በ1857 ዓ.ም. ነው። የጦርነታቸውና የመንግሥታቸው ታሪክ በብዙዎች ስለ ተጻፈ እዚህ አይደገምም። የመሐንዲሱን ዓይን ይበልጥ የሚስበው መልእክት ለማን መድረስ እንዳለበትና በምን መንገድ እንደሚደርስ ለመወሰን የደከሙት ድካም ነው።

አገሩ ለመልእክት አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ ዓለም ከተማ ካለችበት ከመርሐ ቤቴ ደጋ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የጀማን ሸለቆ እስከ ታች ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፣ ትእዛዙም ማዶ ይቀራል። በዚያ ዘመን የነበሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ሲነገር ወዳጅም ጠላትም ይሰማዋል፤ ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይደርሳል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ ለሸዋ ሰው መሰብሰቢያው ወረኢሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለእያንዳንዱ ወታደር መልእክተኛ ሊልኩ አይችሉም፤ ነገሩ ለመኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ ለሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱ ለባላገሩ እየተላለፈ መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ይባዛ ነበር። ብልሃቱ ቀላል ቢመስልም ያን ያህል ሠራዊት ያንቀሳቀሰው ይኸው ነው።

ስልክን ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገቡት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ከኢጣልያ ጉዟቸው በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ ነው። ያልታየ አፍ ሲናገር የሰሙ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ይነገራል፤ ምኒልክ ግን አልተበገሩም። በ1886 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ የቴሌግራፍ መስመር አብሮ እንዲዘረጋ በውሉ አስገቡ። በዚህ ሥራ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ዋና ረዳታቸው ነበሩ። 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ተሠራ፤ ወደ አሥመራ የሚሄደውንም ኢጣልያኖች በ1896 ዓ.ም. ፈጸሙት።

ነገር ግን ብዙ ጣቢያዎች በተጠለፉበት በአንድ ሽቦ ላይ ለአንዱ የተነገረው ለሁሉም ይሰማል። የመንግሥት ምሥጢር በየጣቢያው ጆሮ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የሚሠራ ባልደረባ ይህን ችግር በሌላ ስም ያውቀዋል። ለአንድ ቡድን የተላከ የመልቲካስት መልእክት ስዊች ላይ ሲደርስ፣ ስዊቹ አባላቱ በየትኛው ፖርት በኩል እንዳሉ ካላወቀ ለሁሉም ፖርት ያባዛዋል፤ ያልጠየቀውም ወገን መስመሩ በከንቱ ይጨናነቅበታል። መድኃኒቱ ስዊቹ አባላት ወደ ቡድኑ ለመግባትና ለመውጣት የሚልኩትን እያዳመጠ እንዲመዘግብ፣ በየጊዜው ለሚደረገው ጥሪ መልስ ያልሰጠውንም ከመዝገቡ እንዲፍቅ ማድረግ ነው። በአሮጌው መስመር ላይ መዝገቡ የስልከኛው ጭንቅላት፣ ጥበቃውም የስልከኛው ታማኝነት ነበር። የትኛው ይበልጥ አስተማማኝ እንደ ሆነ መወሰን እንደሚገመተው ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ ምኒልክ ከስልኩ ያገኙት ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጥ ነበር። ቀድሞ ትእዛዝ አልደረሰኝም ብሎ ወራት የሚያሳልፍ የሩቅ አገር ገዥ፣ መስመሩ ከደረሰው በኋላ ለዚህ ምክንያት ቦታ አጣ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሥልጣን ወደ መዲናይቱ መሰብሰቡ በግልጽ ታየ፤ ሽቦው ግን ይህን ሥራ ቀደም ብሎ ጀምሮት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሕመም ጸናባቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕረፍታቸው ለሕዝብ በአዋጅ ሳይነገር፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰውሮ ቆየ።