ሉዊስ ሃይን

ሉዊስ ዊክስ ሃይን (1874 – 1940 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕጻናትን የጉልበት ሥራ በካሜራው ያጋለጠ ፎቶ አንሺና መምህር ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ ነው። በ1892 አባቱ በአደጋ ስለሞተ ቤተሰቡን ለመርዳት በቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። ስለዚህ በትንሽ ደመወዝ ረጅም ሰዓት መሥራትን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። በኋላ በቺካጎ ተምሮ በኒው ዮርክ አስተማሪ ሆነ። ካሜራንም መጀመሪያ የያዘው ለማስተማሪያነት ነው፤ ከ1904 ጀምሮ በኤሊስ ደሴት የሚገቡ ስደተኞችን ያነሳ ነበር።

በ1900 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ ከ10 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 1.75 ሚሊዮን ያህሉ ሠራተኞች ነበሩ። ይህን ለማስቆም የተቋቋመው ብሔራዊ የሕጻናት ሥራ ኮሚቴ በ1908 ሃይንን በፎቶ አንሺነት ቀጠረው። የፋብሪካ ባለቤቶች ግን በራቸውን አልከፈቱለትም። እርሱም አንዴ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ፣ አንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዴ ደግሞ የማሽን ፎቶ አንሺ መስሎ ይገባ ነበር። የሰደርያው ቁልፎች ከመሬት ያላቸውን ከፍታ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ልጁ አጠገቡ ሲቆም ቁመቱን ይገምታል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተም ስምና ዕድሜ በድብቅ ይጽፋል። ፎቶዎቹን ማስረጃ ያደረጋቸው ይህ ማስታወሻ ነው፤ ያለ እርሱ ባለቤቶቹ በቀላሉ ሊክዱ ይችሉ ነበር።

ከሥራዎቹ በይበልጥ የሚታወቁት በጥጥ ፈተል ፋብሪካዎች ረዣዥም ማሽኖች መካከል የቆሙት ሴት ልጆችና፣ በ1911 በፔንስልቬንያ ፒትስተን ያነሳቸው የከሰል ለቃሚ ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከሚንሸራተተው ከሰል በላይ ጎንበስ ብለው ተቀምጠው ድንጋዩን በእጃቸው ይለቅሙ ነበር፤ አቧራው ፊታቸውን አጥቁሮታል።

በ1916 ኮንግረስ የሕጻናትን ሥራ የሚገድብ ሕግ ቢያወጣም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው። የጸና የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1938 ብቻ ነው። ሃይን በዚያ ጊዜ ሥራ አጥቶ በድህነት ይኖር ነበር፤ ቤቱንም አጣ። በኅዳር 1940 ሞተ። ከሞቱ በኋላ ፎቶዎቹ ለኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቢቀርቡም ሙዚየሙ አልተቀበላቸውም። ለኮሚቴው ያነሳቸው ከ5,000 በላይ ፎቶዎች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።